የሰበካ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ሲበላሽ፦ የሶፍትዌር ቅንብሮችን መልሶ ማግኘትና መጠባበቂያ ማስቀመጥ

እንደ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ባሉት የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች የነዋሪው ቁጥር ሲያድግ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የጽሕፈት ቤት ሥራም አብሮ ይበዛል። የምእመናን ስም ዝርዝር፣ የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ፣ የአገልጋዮች የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ገቢና ወጪ ቀስ በቀስ ከወፍራሙ መዝገብ ወጥቶ ወደ አንድ ኮምፒውተር ይገባል። ያ ኮምፒውተር መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በሚፈጠር የኃይል መዋዠቅ፣ በእርጅና ወይም በቫይረስ ምክንያት አንድ ቀን አልነሣም ሲል፣ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ በሙሉ ይቆማል።

ጉዳቱ ከሥራ መስተጓጎል የከፋ ሊሆን ይችላል። ምእመኑ የሰጠው ዐሥራት፣ ስእለትና የሕንፃ መዋጮ የት እንደዋለ በጉባኤ ፊት ሲጠየቅ፣ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» የሚለው መልስ እውነት ቢሆን እንኳ ሰሚውን አያሳርፍም። በታማኝነት ያገለገለ ሒሳብ ሹም ወይም ገንዘብ ያዥ ባልሠራው ጥፋት ለሐሜት ይጋለጣል፤ በብዙ ድካም የተገነባው የምእመናን አመኔታም ይላላል። ስለዚህ ለኮምፒውተር መጠባበቂያ ማዘጋጀት ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የሰበካ ጉባኤው የተጠያቂነት አካል ነው።

በዚህ ረገድ በብዛት የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሰነዶቻቸውን አልፎ አልፎ በፍላሽ ይገለብጣሉ፤ ሰነዱን የሚከፍተው፣ የሚያነበውና የሚያትመው ሶፍትዌር የተቀናበረበትን መንገድ ግን አያስቀምጡም። በዚህ ምክንያት ኮምፒውተሩ ከጥገና ሲመለስ ፋይሉ እያለ ሥራው ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። ይህ ጽሑፍ ቅንብር የሚባለው ምን እንደሆነ፣ ከብልሽት በኋላ እንዴት መልሶ እንደሚገኝና ከብልሽት በፊት እንዴት እንደሚጠበቅ በቅደም ተከተል ያስረዳል።

ቅንብር ሲባል ምን ማለት ነው?

ቅንብር ማለት አንድ ፕሮግራም ለአንድ ጽሕፈት ቤት እንዲስማማ ተብሎ የተደረገለት ምርጫ ሁሉ ነው። በሀገራችን በስፋት የተለመደውን ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም እንመልከት። ፕሮግራሙ በሥራ ላይ ሲውል የሒሳብ መደቦች ዝርዝር ይዘጋጃል፤ ለሙዳየ ምጽዋት፣ ለአባልነት ክፍያ፣ ለስእለት፣ ለደመወዝ፣ ለንዋያተ ቅድሳት ግዥ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የሒሳብ ዘመኑ ከየት እስከ የት እንደሆነም ይወሰናል። ፕሮግራሙ የሚሠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ሐምሌ 1 የሚጀምር የበጀት ዓመት በውስጡ ጁላይ 8 ተብሎ ይገባል። ሒሳቡ ገንዘቡ በእጅ ሲገባ ይመዝገብ ወይስ መብትና ግዴታው ሲፈጠር የሚለውም በዚያው ጊዜ ይመረጣል፤ ይህ ምርጫ መዝገቡ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ አይለወጥም።

አንዳንዱ ቅንብር ጥቃቅን ቢመስልም መዘዙ ትልቅ ነው። በፒችትሪ ውስጥ «ግሎባል ኦፕሽንስ» በሚባለው ክፍል የሳንቲም ነጥብ በራሱ ይግባ ወይስ በእጅ ይጻፍ የሚል ምርጫ አለ። በራሱ እንዲገባ ከተመረጠ ጸሐፊው 5000 ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ 50.00 አድርጎ ይመዘግባል። ይህ ምርጫ ከአጥቢያው መዝገብ ጋር ሳይሆን ከፕሮግራሙ ጋር የተያያዘ ነው። ስለሆነም ፕሮግራሙ እንደገና ሲጫን ምርጫው ከቀድሞው የተለየ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሳያስተውሉ ሥራ የጀመሩ እንደሆነ አምስት ሺህ ብር ኀምሳ ብር ሆኖ ይመዘገባል።

ከሒሳቡ ፕሮግራም ውጭም ቅንብር አለ። የጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ መነሻ ቅጽ፣ የምስክር ወረቀቱ ንድፍ፣ የግእዝ ፊደል መጻፊያውና ፎንቱ፣ የፕሪንተሩ መጫኛ፣ የቀንና የወር አጻጻፍ ቅደም ተከተል፣ የኢሜይል አድራሻዎች፣ የይለፍ ቃላትና የፕሮግራሞች የፈቃድ ቁጥር ሁሉ በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ «ዶክመንትስ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ስለማይቀመጡ፣ ያንን ፎልደር ብቻ የገለበጠ ሰው አያገኛቸውም።

የፊደላችን ጉዳይ

የቅንብር መጥፋት ሰነድን እንዴት እንደሚያሳጣ ከፊደላችን የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ቀደምት የመጻፊያ ፕሮግራሞች ፎንቶች የኢትዮጵያን ፊደል ያስቀመጡት ለላቲን ፊደላትና ለልዩ ልዩ ምልክቶች በተመደቡ ቦታዎች ላይ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ቃለ ጉባኤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል። ሰነዱ አልጠፋም፤ የሚነበብበት መንገድ ግን ከአሮጌው ማሽን ጋር ጠፍቷል።

ችግሩ በመሠረቱ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ከሰጠ በኋላ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ የኢትዮጵያን ፊደል በያዘ በማናቸውም ፎንት ይነበባል፤ ማይክሮሶፍትም ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አቅርቧል። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ በልማድ፣ በአሮጌው ፎንት የተጻፉ ሰነዶች በየጽሕፈት ቤቱ ሊገኙ ይችላሉ። እነዚህ ያሏቸው አጥቢያዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው፦ የፎንቱንና የመጻፊያውን መጫኛ ከሰነዶቹ ጋር አብረው ማስቀመጥ፣ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ እንዲሁም ፎንቱ በውስጡ የሚቀመጥበትን የፒዲኤፍ ቅጂ ማዘጋጀት። ፒዲኤፉ በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቶ መነበቡንም ማረጋገጥ ይገባል።

ብልሽት ሲደርስ

ኮምፒውተሩ አልነሣ ሲል የመጀመሪያው ምክር አለመቸኮል ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ብዙ መረጃ የሚጠፋው በብልሽቱ ሳይሆን ከብልሽቱ በኋላ በሚወሰድ የችኮላ እርምጃ ነው። ማሽኑ ወደ ሰፈር የጥገና ሱቅ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል፤ ባለሙያውም «ፎርማት ላድርገው?» ይላል፤ የላከው ሰው ትርጉሙን ሳያጤን እሺ ይላል። ፎርማት ማድረግ ግን ዲስኩን እንደ ባዶ ቆጥሮ ከዚያ በላይ አዲስ መጻፍ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ከጽሕፈት ቤቱ ከመውጣቱ በፊት «በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ሳይገለበጥ ፎርማት እንዳይደረግ» የሚል ጽሑፍ ተያይዞ ይላክ፤ ከተቻለም ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮ ይሂድ።

ቀጥሎ የተበላሸው ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። የኃይል ማከፋፈያው ወይም ማዘርቦርዱ ብቻ ከተቃጠለ ዲስኩ ደኅና ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ብቻ ከተበላሸም ፋይሎቹ በቦታቸው ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ዲስኩን አውጥቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር በማያያዝ መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ ራሱ የሚንቀጨቀጭ ወይም የሚንኳኳ ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ስለሚያብስ ወዲያው አጥፍቶ መረጃ በማዳን ልምድ ላለው ባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ሲገለበጥ የሚታዩትን ፎልደሮች ብቻ መውሰድ አይበቃም። በእያንዳንዱ ተጠቃሚ ስም ሥር «አፕዳታ» የሚባል የተሰወረ ፎልደር አለ። የወርድ መነሻ ቅጽ፣ የኢንተርኔት ማሰሻው ምልክቶችና የብዙ ፕሮግራሞች ምርጫዎች የሚቀመጡት በዚያ ውስጥ ነው። የፎንቶቹ ፎልደርና የሒሳብ ፕሮግራሙ የመረጃ ፎልደርም አብረው ይገልበጡ። ባለሙያው ፎርማት ሳያደርግ ዊንዶውስን እንደገና ጭኖት ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ይዘት «ዊንዶውስ ኦልድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዊንዶውስ ይህን ፎልደር ከጥቂት ቀናት በኋላ በራሱ ሊያጠፋው ስለሚችል መገልበጡ አይዘግይ።

ማሽኑ ከታደሰ በኋላ የመመለሱ ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ትክክል መሆኑ ይታይ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ባትሪ ከሞተ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወደ አሮጌ ዓመት ይመለሳልና፣ ሳይታወቅ የተመዘገበ ደረሰኝ በሌላ ዘመን ውስጥ ይገባል። ከዚያ ፎንቱ፣ የግእዝ መጻፊያውና ፕሪንተሩ ይጫኑ። በመጨረሻ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ የቀድሞው ዓይነት እትም ወይም ከእርሱ የሚበልጠው፣ ይጫን፤ በአዲስ እትም የተቀመጠ መጠባበቂያ በአሮጌ እትም አይከፈትም።

የፒችትሪን መጠባበቂያ ሲመልሱ ፕሮግራሙ ሁለት ጥያቄ ያቀርባል። አንደኛው ቅጂው አሁን ባለው መዝገብ ላይ ይተካ ወይስ እንደ አዲስ መዝገብ ይከፈት የሚል ነው። እንደ አዲስ መዝገብ መክፈት ይመረጣል፤ ምክንያቱም ቅጂው ጉድለት ቢኖረው በስፍራው ያለውን አያጠፋውም። ሁለተኛው ምን ይመለስ የሚል ሲሆን፣ የድርጅቱ መረጃና ለጽሕፈት ቤቱ የተዘጋጁት ቅጾች በየራሳቸው ምልክት ይደረግባቸዋል። የቅጾቹን ምልክት የዘነጋ ሰው ሒሳቡን ያገኛል፤ የደረሰኙንና የክፍያ ማዘዣውን ንድፍ ግን እንደገና ለመሥራት ይገደዳል። ከዚህ በኋላ በወረቀት ታትሞና ተፈርሞ ከተቀመጠው የመጨረሻው ወር ትራያል ባላንስ ጋር እያንዳንዱ ድምር ይመሳከር። የወረቀቱ ቅጂ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው፤ በየወሩ ማተምና መፈረም እንደ ትርፍ ሥራ መታየት የለበትም።

ከብልሽት በፊት

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ሥራው አስቀድሞ መጀመር አለበት። በዓለም ላይ የታወቀው ቀላል ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል፦ ከእያንዳንዱ መረጃ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁኑ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ርቆ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ። ለአንድ አጥቢያ ሲተረጐም፣ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለተኛው በካዝና በሚቆለፍ ተነቃይ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከግቢው ውጭ ኮሚቴው በወሰነው ስፍራ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ይሆናል። ጉግል ድራይቭ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለአንድ ጽሕፈት ቤት የጽሑፍና የሒሳብ ፋይል ይበቃል። ነገር ግን አካውንቱ በጽሕፈት ቤቱ ስም እንጂ በአንድ ሰው የግል ስልክና ኢሜይል እንዳይከፈት መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ቅጂን በሌላ ስፍራ ማስቀመጥ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተው ቅጂዎቻቸው በሀገር ውስጥና በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ኮሌጅቪል፣ በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ዋናው ቢጎዳ ቅጂው ይተርፋል። ከዚያ ሥራ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የደከሙበት የዝርዝር መግለጫ ባይኖር ኖሮ፣ በየትኛው ፊልም ላይ የትኛው መጽሐፍ እንዳለ ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ በሆነ ነበር። የጽሕፈት ቤታችንም ቅጂ እንዲሁ መግለጫ ያስፈልገዋል።

ይህ መግለጫ አንድ ወይም ሁለት ገጽ የሆነ የቅንብር መዝገብ ነው። በውስጡ የፕሮግራሞቹ ስም፣ እትምና የፈቃድ ቁጥር፣ የሒሳብ መደቦች ዝርዝር፣ የሒሳብ ዘመኑ አከፋፈል፣ የሳንቲም ነጥብ ምርጫው፣ የፎንቶቹ ስም፣ የፕሪንተሩ ዓይነት፣ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ፎልደር ይጻፋል። የቅንብር ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማተምም ይቻላል። ለውጥ ሲኖር መዝገቡ ይታደስ። ለምሳሌ ለገጣፎን ጨምሮ በላይ የተጠቀሱት ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ በደብዳቤ መነሻ ቅጽ ላይ የሚጻፈው አድራሻም የሚለወጥ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀመጠ መጠባበቂያ ሲመለስ ግን አሮጌው አድራሻ አብሮ ይመለሳል።

የይለፍ ቃልና የመክፈቻ ቁልፍ

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት የላከው አንድ የተሳሳተ የቅንብር ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን በዓለም ዙሪያ አቁሟል። መፍትሔው ያንን ፋይል ማጥፋት ነበር፤ ነገር ግን ዲስካቸው በምስጢር የተቆለፈ ኮምፒውተሮች 48 አኀዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቁ ስለነበር፣ ቁጥሩን በቀላሉ ያላገኙት መሥሪያ ቤቶች ሥራቸው ዘግይቷል።

ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ፤ የመክፈቻው ቁጥርም በከፈታቸው ሰው አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። የአጥቢያው ላፕቶፕ በቀድሞው ጸሐፊ የግል አካውንት ከተከፈተና እርሱም ወደ ሌላ ደብር ከተዛወረ፣ ማሽኑ በተበላሸ ቀን ቁልፉ የእርሱ እንጂ የደብሩ አይሆንም። ስለዚህ የይለፍ ቃላትና የመክፈቻ ቁጥሮች ተጽፈው በፖስታ ይታሸጉ፤ በማሸጊያው ላይ የጽሕፈት ቤቱ ማኅተምና የሁለት ኃላፊዎች ፊርማ ይደረግበት፤ ፖስታው በካዝና ይቀመጥ። የይለፍ ቃል ሲለወጥ ፖስታውም ይለወጥ።

ከዚሁ ጋር ምስጢር መጠበቅም አብሮ ይታሰብ። ቅጂው የምእመናንን ስም፣ ስልክና የቤተሰብ ሁኔታ ይይዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለውን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ የሕግም ግዴታ ሆኗል። ያልተቆለፈ ፍላሽ በኪስ ይዞ መዞር መጠባበቂያ ሊባል አይችልም።

ያልተፈተነ ቅጂ

እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ የፊልም ድርጅት በመሥራት ላይ የነበረው «ቶይ ስቶሪ 2» የተሰኘው ፊልም አብዛኛው ክፍል በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ጠፋ። መጠባበቂያ ነበራቸው፤ ሊመልሱት ሲሞክሩ ግን መጠባበቂያው ለአንድ ወር ያህል በትክክል ሳይሠራ መቆየቱ ታወቀ። ሥራውን ያዳነው አንዲት ባልደረባ ወልዳ በቤቷ ትሠራ ስለነበር ከእርሷ ዘንድ የተገኘው ቅጂ ነው። ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት ይህ ከደረሰበት፣ ለአንድ አጥቢያ ጽሕፈት ቤት «ባክአፕ አለን» ማለት ብቻ በቂ አይደለም። ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ፣ ሒሳቡ ታይቶ፣ አንድ ደብዳቤ ታትሞ መፈተን አለበት። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ፣ አንዱም የዓመቱ ሒሳብ በሰኔ 30 ከተዘጋ በኋላ ቢሆን ሪፖርቱ በጥቅምት ለጠቅላላው ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ጉድለቱን ለማረም ጊዜ ይገኛል።

ጊዜውም ያሳስባል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ ስላቆመ፣ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ማሽን ወይም ዊንዶውስ መለወጣቸው አይቀርም። ያለ ብልሽት በሚደረግ ለውጥም ቅንብር ይጠፋል፤ ዝግጅቱ ያው ነው።

ለሰበካ ጉባኤው የቀረበ ሐሳብ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአንድ ሰው ትጋት ላይ ብቻ ከተተወ፣ ያ ሰው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ስለሆነም በሚቀጥለው መደበኛ ስብሰባ የሚከተሉት ነጥቦች በቃለ ጉባኤ ቢወሰኑ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የመጠባበቂያው ኃላፊና ተተኪው በስም ይመደቡ። ሁለተኛ፣ የሒሳቡ ቅጂ በየሳምንቱ፣ የሰነዶቹና የቅንብሮቹ ቅጂ በየወሩ መጨረሻ ይወሰድ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀኑ ይጻፍበት። ሦስተኛ፣ ተነቃዩ ዲስክ ከተገለበጠ በኋላ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ይቆለፍበት፤ ተሰክቶ የዋለ ዲስክ ለቫይረሱና ለኃይል መዋዠቁ እኩል ይጋለጣልና። አራተኛ፣ ለኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ይገዛለት። አምስተኛ፣ የቁጥጥር ክፍሉ ሒሳቡን ሲመረምር መጠባበቂያው መፈተኑንም ይመርምር። ስድስተኛ፣ ኮሚቴ ሲለወጥ በርክክቡ ሰነድ ላይ ከካዝናው ቁልፍ፣ ከማኅተሙና ከደረሰኝ ጥራዞች ቀጥሎ የቅንብር መዝገቡ፣ የታሸገው ፖስታና ተነቃዩ ዲስክ ተቆጥረው ይጻፉ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ተነቃይ ዲስክ፣ አንድ ዩፒኤስ፣ ጥቂት ወረቀትና በወር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ይህን ያደረገ አጥቢያ ኮምፒውተሩ በተበላሸ ማግስት በሌላ ማሽን ላይ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሒሳብ ሹሙም ጉባኤው ፊት ሲቀርብ የሚታይ መዝገብ በእጁ ይኖራል።